ኳስ አቀባዩ

የእህቴ ባል ስልክ ላይ «ሬይን ቼክ» ሲል የሰማሁ ቀን መስኮቱን ከፍቼ ወደ ሰማይ አየሁ። ሬይን ዝናብ መሆኑን መቼም አላጣሁትም። ሰማዩ ግን ጠብታ የማይታሰብበት የሜሪላንድ የሐምሌ ሰማይ ነው፤ ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል። ለካ አንድ ወዳጁ ክርስትና ጠርቶት «ለዛሬ ይለፈኝ፣ ሌላ ጊዜ እክስሃለሁ» ማለቱ ነው። ቃሉ የመጣው ከቤዝቦል ነው። ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ በትኬቱ ጉራጅ ሌላ ቀን እንዲገባ ይፈቀድለት ነበር። ከዚያ ወዲያ ጆሮዬን ሳቆም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የማይሰማ የቤዝቦል ቃል የለም። በግምት የተነገረ ዋጋ «የቤዝቦል ሜዳ ቁጥር» ነው። ያልጠበቀው ነገር የገጠመው ሰው «ጠማማ ኳስ ተወርውሮበታል»። ነገር የሰመረለት ደግሞ «ሆምራን መትቷል»። እህቴ ጤፍ በቅናሽ ያገኘች ቀን ሆምራን መትታ ገባች።

ይህን ሁሉ እየተናገረ የሚኖረው የእህቴ ባል ግን በ20 ዓመት የአሜሪካ ኑሮው አንድም ጨዋታ ቁጭ ብሎ አላየም። እሱ የአርሰናል ሰው ነው። በዚያ ቤት ቤዝቦል የሚያውቀው እዚያው የተወለደው የ11 ዓመት ልጃቸው ብቻ ነው። «አጎቴ፣ ነይ እንሂድ» አለኝ አንድ ቀን ማታ። አማርኛ የሚያወራው ከእናቱ ጋር ብቻ ስለሆነ በእሱ ዘንድ ሰው ሁሉ ሴት ነው። ላርመው ብዬ ተውኩት፤ ነይ ተብዬ ሄድኩ።

በቀዩ የሜትሮ መስመር ወርደን አረንጓዴውን ስንይዝ ባቡሩ በቀይ ቆብ ተሞላ። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ከረባት ያሰረው የቢሮ ሠራተኛ፣ ሁሉም ግንባሩ ላይ ጅራቱ የተጠቀለለ ደብልዩ አለበት። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለው ናሽናልስ ፓርክ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ 40 ሺህ ሰው አካባቢ የሚይዝ ሜዳ ነው። የእኛ ትኬት ከርካሾቹ ነበርና የተቀመጥነው በቀኝ በኩል ጥጉ ላይ፣ ተመልካቹን ከኳስ የሚከላከለው መረብ ካለቀበት ቦታ ነው። ልጁ ግን ደስ ብሎታል። ግራ እጁ ላይ ፊቱን የሚያህል የቆዳ ጓንት አጥልቋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ጓንት ይዞ ሲመላለስ አንድም ኳስ አልገባለትም። «አጎቴ፣ ኳሷ ስትመጣ ተጠንቀቂ» አለኝ። ከያዝኳት በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግን አልነገረኝም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ጨዋታው ተጀመረ መሰለኝ። መሰለኝ የምለው ማንም ወደ ሜዳው ስላላየ ነው። ሰዉ ያወራል፣ ይበላል፣ ለውዝ እየፈለፈለ ልጣጩን እግሩ ሥር ይጥላል። መንገድ ላይ ወረቀት የማይጥል ሕዝብ እዚህ ሲደርስ ምን ነካው? ነገሩ ሦስተኛ ቀን ለቅሶ ቤት ይመስላል። ሁሉም የየራሱን ወሬ ይዟል፣ ከፊት አንዱ ድንገት ሲነሣ ሁሉም አብሮ ይነሣል፣ ከዚያ ተመልሶ ቁጭ። ለዘጠኝ ዙር እንዲሁ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ የሚነፋ ፊሽካ የለም፤ እኩል ከወጡም አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላል። ልጁ እንደነገረኝ ድሮ የባሰ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ወርዋሪው ላይ ሰዓት ተቆጠረበት፤ የሯጮቹ ማረፊያ የሆኑት ቤዞች ባዶ ከሆኑ በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ከሦስት ሰዓት ያልፍ የነበረው አማካይ ጨዋታ በዚያው ዓመት ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ። ይህን ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጊዜ ይጫወታል፤ ከእኛ የጾም ቀኖች ጋር የሚፎካከር ቁጥር ነው።

የባሰው የቃሉ ነገር ነው። «ስትራይክ» መምታት ማለት ነው ብዬ ተምሬያለሁ። እዚህ ግን ሰውየው ስቶ ዱላው አየር ሲቀዝፍ «ስትራይክ» ተብሎ ይጮህበታል። በ10 ሙከራ ሦስቱን በደንብ የመታ ኮከብ ነው፣ ሚሊዮን ዶላር ይከፈለዋል። እኔ በ10 ጥያቄ ሦስት መልሼ አባቴ ምን እንደከፈለኝ አልረሳውም።

ዓላማው ግን ደስ አለኝ። መቺው አጠገቧ የሚቆምባት ነጭ ሰሌዳ «ቤት» ትባላለች። ከቤት ተነሥቶ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቤዝ ረግጦ፣ ዞሮ ቤቱ የገባ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። በቃ፣ ከቤት ወጥቶ ቤት መግባት ነው። የእህቴ ባል ለምን ይህን ጨዋታ እንደሚሸሽ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰሚት አካባቢ ቤት ሠርቼ እመለሳለሁ እንዳለ 20 ዓመት ሁለተኛ ቤዝ ላይ ቆሟል።

ጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ብቻ ናቸው ዓይናቸውን ከሜዳው ያልነቀሉት። ጭናቸው ላይ ሰፊ መዝገብ፣ እጃቸው ላይ የተቀረጸች እርሳስ። እህቴ ኪሴ ውስጥ የጨመረችልኝን ቆሎ ዘረጋሁላቸው፤ እሳቸው ለውዛቸውን ዘረጉልኝ። ከየት እንደመጣሁ ነገርኳቸው። «ቢሮዬ ሥር መኪና የሚያቆሙልኝ ልጆች በሙሉ ያገርህ ልጆች ነበሩ» አሉና ቆሎውን እያጣጣሙ ወደ መዝገባቸው ተመለሱ።

መዝገቡን ሳየው የሠፈራችን የዕድር ጸሐፊ ትዝ አሉኝ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ዙር አንዲት ሣጥን አለ። የሜዳው ቦታዎች ከ1 እስከ 9 ቁጥር አላቸው። ወርዋሪው 1 ነው፣ ኳስ ተቀባዩ 2፣ እያለ እኛ ፊት ለፊት እስከቆመው የቀኝ ጥግ ተከላካይ ድረስ፤ እሱ 9 ነው። ኳሷ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሄደች በቁጥር ይጻፋል። «6-4-3» ብለው ሲጽፉ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከጨዋታ ወጥቷል ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ስቶ የወጣ «ኬ» ይጻፍበታል። ዱላውን ሳያነሣ ቆሞ እያየ የወጣ ደግሞ ያቺው «ኬ» ፊቷን አዙራ ትጻፍበታለች፤ በፊደል መሰደብ እንዲህ ነው። የተበላሸ ነገር «ኢ» ተብሎ ከአጥፊው ቁጥር ጋር ይገባል። ኢ ስህተት ናት። ትልቁ ሰሌዳ ላይም ከነጥቡ ጎን ለስህተት የተለየ ዓምድ አለ፤ 40 ሺህ ሰው ያነበዋል። ሁሉም ነገር «በጣም ግሩም» በሚባልበት አገር ስህተት በይፋ ሲቆጠር ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

በአራተኛው ዙር መካከል ጭንቅላታቸው በርሜል የሚያህል አራት ፕሬዚዳንቶች ሜዳ ወጥተው ይሯሯጡ ጀመር፤ ዋሽንግተን፣ ጄፈርሰን፣ ሊንከንና ቴዲ ሩዝቬልት። ቴዲ ከ2006 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ500 ጊዜ በላይ ተሸንፏል አሉ። ሰዉ በመሪዎቹ ላይ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔ ግን ከመሳቄ በፊት በልማድ ግራና ቀኜን አየሁ።

በስድስተኛው ዙር ነው። «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል በዙሪያዬ ያለው ሰው በሙሉ እጁን ዘርግቶ ተነሥቷል። ኳሷ ከመስመር ወጥታ ከፊታችን ካለው ግንብ ነጠረችና፣ ከልጁ ጓንት አንድ ስንዝር አልፋ፣ ቆሎ የያዘው ጭኔ ላይ አረፈች። ቆሎው ተበተነ፤ ኳሷ እጄ ገባች።

እንግዲህ እኔ የሠፈር ሜዳ ልጅ ነኝ። ኳስ ውጭ ወጥታ እጅህ ከገባች ትመልሳለህ። ካልመለስክ ሌባ ነህ፤ ጨዋታውም ይቆማል። ቁጥር 9 ወደ እኛ እያየ ቆሟል። ኳሷን የሚጠብቅ መሰለኝ። ብድግ አልኩና ባለኝ ጉልበት ወረወርኩለት። እግሩ ሥር አረፈች። እንዲያውም በአወራወሬ ትንሽ ኮራሁ።

መጀመሪያ ዝም ተባለ። ቀጥሎ ከኋላዬ፣ ከጎኔ፣ ከላይኛው ፎቅ ሳይቀር ረጅም «ቡ…» መጣ። ቁጥር 9 ኳሷን አንሥቶ አገላብጦ አያትና ፈገግ ብሎ ወረወራት፤ ለእኛ ሳይሆን ሁለት ክፍል አልፋ ለተቀመጠች ትንሽ ልጅ። ልጅቷ ጓንት እንኳ አልነበራትም። አስተናባሪው መጥቶ ወደ ሜዳ ምንም ነገር እንዳልወረውር በትሕትና መከረኝ። የእህቴ ልጅ ጓንቱን አወለቀ። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ነይም አላለኝ።

«ኳሷ ያንተ ነበረች» አሉኝ አዛውንቱ። በድሮ ጊዜ እውነትም ትመለስ እንደነበር አስረዱኝ። በ1921 እ.ኤ.አ. አንድ የኒውዮርክ ተመልካች አልመልስም ብሎ ተባረረ፤ ከሰሰና 100 ዶላር ካሳ ተፈረደለት። ከዚያ ወዲያ የያዘ ወሰደ፤ አጠገቡ ልጅ ካለ ደግሞ ለልጁ ይሰጣል። እኔ አጠገብ ልጅ ነበረ።

በሰባተኛው ዙር ስታዲየሙ በሙሉ ብድግ አለ። ሊያስወጡኝ የተነሡ መሰለኝ። ለካ ወጉ ነው፤ እግራቸውን እያፍታቱ በ1908 እ.ኤ.አ. የተጻፈ የጨዋታው መዝሙር ይዘምራሉ። ግጥሙን የጻፈው ሰው ያኔ አንድም ጨዋታ አይቶ አያውቅም ይባላል። ወንድሜ ነው አልኩ በልቤ። የእህቴ ልጅም ዘመረ፤ ፊቷን እንዳዞረችው «ኬ» ጀርባውን ሰጥቶኝ።

አዛውንቱ ዝምታችን ከበዳቸው መሰለኝ፣ ወደ ልጁ ዘንበል ብለው ያወሩት ጀመር። በእሱ ዕድሜ ሳሉ፣ በ1971 እ.ኤ.አ.፣ የከተማዋ ቡድን ወደ ቴክሳስ ሊሄድ የመጨረሻውን ጨዋታ ከአባታቸው ጋር አዩ። ቡድናቸው 7 ለ5 እየመራ ነው፤ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ሰው ማስወጣት ብቻ ቀርቷል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ሜዳ ወርዶ ቤዞቹን ነቀለ፣ ሣሩን ገሸለጠ። ጨዋታው ተቋረጠና በፎርፌ 9 ለ0 ተሸነፉ። እሳቸውም አንድ እፍኝ ሣር ይዘው ቤት ገቡ። ያባታቸው መዝገብ ላይ የመጨረሻዋ ሣጥን እስከ ዛሬ ባዶ ናት። ቡድን እንደገና እስኪመጣ 33 የውድድር ዘመን አለፈ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዋንጫውን ሲበሉ ደግሞ በሜዳቸው ሦስቱንም ተሸንፈው፣ ሂዩስተን ላይ አራቱንም አሸንፈው ነው።

«እኛ ቤዙን ነቅለን ሄድን፤ አጎትህ ኳሷን መለሰላቸው» አሉት። «በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ልጁ ዝም። አዛውንቱ መዝገቡን ወደ እሱ አዞሩና በእርሳሳቸው ጫፍ የስድስተኛውን ዙር ጠርዝ አሳዩት። ጎንበስ ብሎ አነበበ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ። ቀና ሲል በሳቅ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«አጎቴ፣ ነይ እዪ!»

ከ1 እስከ 9 ያለው ቁጥር ሁሉ ባለቤት አለው። ጠርዙ ላይ በጥሩ እጅ ጽሕፈት የተጻፈው «ኢ-10» ነው።