አዋጁ ፒዲኤፍ ሆኗል፤ ማሻሻያውስ?

«ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ፤ ቤተ መጻሕፍት ምን ያደርጋል?» የሚለው ሰው በበዛ ቁጥር ወደ ሕግ ቤተ መጻሕፍት የሚመጣው ጠበቃም እየበዛ ነው። ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ግን ተለውጧል። ድሮ «ይህን አዋጅ ፈልጉልኝ» ይለን ነበር። ዛሬ አዋጁን ከቴሌግራም አውርዶ ይዞታል። የሚጠይቀን «የጸደቀው ይህ ነው ወይስ ረቂቁ? ከዚህ ወዲህ ተሻሽሏል? ይህ አንቀጽ አሁንም ይሠራል?» እያለ ነው። ስልኩ ይህን አይመልስለትም። እኛ ደግሞ ለመመለስ የሚያስፈልገን ነገር አንድ በአንድ ከእጃችን እየወጣ ነው።

ቴክኖሎጂ ጠልተን አይደለም። ለአንዲት የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂ ከጅማ ወይም ከጎንደር አዲስ አበባ ድረስ ይመላለስ የነበረ ባለጉዳይ ከዚያ ድካም መገላገሉ ትልቅ ነገር ነው። የሚያስመርረን ዲጂታል ማድረግ ማለት ወረቀቱን ፎቶ ማንሳት ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ነጋሪት ጋዜጣ በአንድ በኩል አማርኛ፣ በሌላው በኩል እንግሊዝኛ ሆኖ በሁለት ዓምድ ይታተማል። ስካን ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ ምስል ብቻ ይሆናል፤ በውስጡ ቃል መፈለግ አይቻልም። ፊደሉን ለማስነበብ ሲሞከር ደግሞ የሁለቱ ዓምዶች መስመሮች እርስ በርስ ይገባሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በቆዩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈውን ሰነድ ገልብጠን ስንለጥፈው የሚወጣው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው።

ፊደሉ ቢስተካከል እንኳ ፍለጋው አይቀናም። አንዱ ጸሐፊ «ሕግ» ይላል፣ ሌላው «ህግ»፤ አንዱ «ሥነ ሥርዓት»፣ ሌላው «ስነ-ስርአት»። «ፍርድ ቤት» ብለህ ብትፈልግ «ፍ/ቤት» የተባለበት ሁሉ ያመልጥሃል፤ ፍርድ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ይኸው አህጽሮት ነው። የዓመተ ምሕረቱም ነገር አለ፤ ሕገ መንግሥቱን ያወጀው አዋጅ በአማርኛው 1/1987፣ በእንግሊዝኛው 1/1995 ነው። አዲስ የገባ ተማሪ ሁለት የተለያዩ አዋጆች መስለውት ግማሽ ቀን ያጠፋል። የምንጠቀምባቸው የመፈለጊያ ፕሮግራሞች ይህን ታሳቢ አድርገው አልተሠሩም። ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ የሚቆጥር ፍለጋ መሥራት ግን የሚያቅት ጥበብ አይደለም። ያዘዘው ሰው ስለሌለ ነው የቀረው።

ከሁሉ የሚከፋው የማሻሻያው ጉዳይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት። ኢንተርኔት ላይ ሙሉውን ታገኘዋለህ፤ ስለ ጋብቻ የሚደነግገው ክፍልም እንዳለ አለ። ይህ ክፍል በፌዴራል ደረጃ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 መተካቱን፣ ብዙዎቹ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣታቸውን ፋይሉ አይናገርም። የ1967ቱ የመሬት አዋጆች ዋጋ ያሳጧቸው አንቀጾችም ዛሬ እንደወጡ ሆነው ተቀምጠዋል። የንግድ ሕጉ ደግሞ በተቃራኒው ነው። አዲሱን፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013ን፣ ያወረደ ሰው የኢንሹራንስ ድንጋጌ ፈልጎ ያጣል፤ «ሕጉ ቀርቷል ማለት ነው?» ይለናል። አልቀረም። ኢንሹራንስን የያዘው ሦስተኛው መጽሐፍ፣ ባንክንና ተላላፊ ሰነዶችን የያዘው አራተኛው መጽሐፍ በአሮጌው በ1952ቱ ሕግ ውስጥ እንደጸኑ ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ካላስቀመጥክ ግማሽ ሕግ ይዘህ ችሎት ትቆማለህ።

ይህን ሥራ በወረቀቱ ዘመን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይሠራው ነበር። አዲስ ጋዜጣ በመጣ ቁጥር አሮጌውን ጥራዝ አውጥቶ በኅዳጉ ላይ «በዚህ አዋጅ ተሽሯል»፣ «ይህን አንቀጽ እይ» ብሎ በእርሳስ ይጽፍ ነበር። የሰበር ውሳኔዎችንም እንዲሁ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ችሎቱ ራሱ ደግሞ ትርጉሙን ሊለውጥ ይችላል። በኋለኛ የሰበር ውሳኔዎች ቅጽ የተለወጠ ትርጉም በፊተኛው ቅጽ ፒዲኤፍ ላይ ምንም ምልክት አይተውም። ጠበቃው የፊተኛውን ጠቅሶ ይከራከራል፤ ተቃራኒው ወገን የኋለኛውን ያወጣበታል። ደንበኛው ምን አጠፋ? ጥራዞቹ ስካን ሲደረጉ ደግሞ የተመረጡት ንጹሖቹ ናቸው፤ ማስታወሻ የተጻፈባቸው «ቆሽሸዋል» ተብለው ወደ መጋዘን ወረዱ። ሥራው የማይቻል ሆኖ አይደለም፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ በ1972 እ.ኤ.አ.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በሥራ ላይ ያሉትን ሕጎች አጠቃልሎ አሳትሞ ነበር፤ ያውም በታይፕ ዘመን።

መመሪያዎችን ባላነሳ ይሻለኝ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ እንዲመዘገብና በድረ ገጽ እንዲወጣ ያዛል፤ ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤቶቻችን ስማቸው ይለዋወጣል። ፍትሕ ሚኒስቴር የነበረው በ2008 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ፣ በ2014 ተመልሶ ፍትሕ ሚኒስቴር ተባለ። የአንድ መሥሪያ ቤት ስም ሲለወጥ የድረ ገጽ አድራሻውም አብሮ ይለወጥና፣ በአሮጌው ላይ የነበረው ሰነድ የት እንደገባ የሚያውቅ ይጠፋል። ሰው ሕግን ባለማወቁ ይቅርታ እንደማያገኝ የወንጀል ሕጋችን ይነግረዋል። ሕጉን የሚያገኝበት አድራሻ ግን የለውም።

ለውጭ ሕግ ማጣቀሻ የሚገዙት እንደ ዌስትሎውና ሌክሲስኔክሲስ ያሉት የመረጃ ቋቶችም ሌላ ራስ ምታት ናቸው። ክፍያቸው በዶላር ነው፤ ዶላሩ ሲጠፋ ውሉ ያበቃል። መጽሐፍ ብትገዛ መደርደሪያህ ላይ ይቀራል፤ የእነዚህ ውል ባለቀ ማግስት ግን የዓመታት ክፍያ ምንም አላስቀረልህም። መብራት ሲሄድ ወይም «ሲስተም የለም» ሲባል አንባቢው የሚጮኸው ፊት ለፊቱ ባገኘው ሠራተኛ ላይ ነው፤ አልፈርድበትም፣ ቀጠሮው ለነገ ነው።

እኔ በማውቀው ቤተ መጻሕፍት «ኦንላይን አለ» ተብሎ የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ በጀት ተቆርጧል። መደርደሪያው ላይ ያለው አንድ ዓመት ላይ ቆመ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ጀመረ። በመካከል ያለውን በየጠበቃው ፍላሽ እየለመንን እንሞላለን። ለዘንድሮ በጀት የተጠየቅነው ደግሞ «ተጨማሪ ስካነር ስንት ይበቃችኋል?» ነው። ስካነር አልጠየቅንም። የጠየቅነው አንድ ሰው ነው፤ ሕግ የተማረ፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ በየሳምንቱ የወጣውን ጋዜጣ አንብቦ የትኛው አንቀጽ በየትኛው እንደተነካ የሚመዘግብ፣ መዝገቡንም ለማንም ክፍት የሚያደርግ። ደብዳቤውን አምናም ጽፈነዋል፤ ዘንድሮም ያንኑ ደብዳቤ ቀኑን ብቻ ለውጠን አስገብተናል።