አራስ ጥየቃ በብሬቃ፦ ያልታየ ሕፃን እንዴት እንደሚተዋወቅ የተደረገ ምርምር

ሁለት ሰዎች ተዋወቁ ለመባል ቢያንስ ሦስት ነገር መሟላት አለበት፤ የሚተዋወቀው ሰው በቦታው መገኘት፣ መታየትና ስሙን መናገር። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከዘመድ አዝማድ ጋር የሚተዋወቅበት ሥርዓት ከሦስቱ የሚያሟላው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሕፃኑ በእርግጥ ቤት ውስጥ አለ። ነገር ግን እስከ ቅንድቡ ተሸፍኗል፣ አተኩሮ ያየው ሰው በዓይኑ ይጠረጠራል፣ ስሙም ገና ክርክር ላይ ነው። ይህም ሆኖ ጠያቂው ሁሉ ጫማውን እያጠለቀ «ልጁን አየነው፣ ደስ ይላል» ብሎ ይወጣል። ምን አይቶ ነው? ይህ ጥናት የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ብሬቃ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከየመኗ አደን ስምንት ወረዳዎች አንዷ ስትሆን፣ ከወደቡ በስተ ምዕራብ እሳተ ገሞራ ባወጣው ልሳነ ምድር ላይ ትገኛለች፤ እንግሊዞች «ትንሿ አደን» ይሏት ነበር። የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ1951 እ.ኤ.አ. ኢራን ነዳጇን የራሷ ስታደርግ፣ አባዳን ላይ የነበረውን ማጣሪያ ያጣው የእንግሊዝ ኩባንያ እዚህ መጥቶ ሌላ ሠራ፤ በ1954 ሥራ ጀመረ፤ በ1977 ለደቡብ የመን መንግሥት ተላለፈ። በዚያው በ1954 ሚያዝያ ንግሥት ኤልሳቤጥ አደን ድረስ መጥተው በስማቸው ለሚጠራ ሆስፒታል የመሠረት ድንጋይ አኑረዋል። ድንጋዩን አኑረው፣ መልካም ምኞታቸውን ገልጸው፣ ብዙም ሳይቆዩ ሄዱ። ጥናታችን ከመዘገበው የጠያቂ ጠባይ ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ያልተለመደ ነው።

ዋናው ምክንያት ግን ሰዎቹ ናቸው። ከደሴ እስከ ድሬዳዋ «አረብ ሱቅ» ያልነበረበት ከተማ ማግኘት ይከብዳል። ባለሱቁ የመናዊ፣ ሚስቱ አብዛኛውን ጊዜ የአገሬው ልጅ፣ ልጆቹ በሁለት ቋንቋ የሚሳደቡ ነበሩ። ከ1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አብዮት በኋላ ብዙዎቹ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሚስትና ልጅ ይዘው ወደ የመን ተሻገሩ። በኋላም ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማ በጀልባ የመጡ ወጣቶች ተጨመሩ። ስለዚህ ብሬቃ ውስጥ አንድ ሕፃን ሲወለድ ከባብ ኤል መንደብ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት የአራስ ሕጎች አንድ ፍራሽ ዙሪያ ይገናኛሉ። ወሽመጡ በጠባቡ ቦታ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። በሁለቱ አያቶች መካከል ያለው ርቀት ገና አልተለካም።

የጥናቱን ውስንነት መግለጽ ግዴታ ነው። የአደን የአራስ ውሎ የሴቶች ነው፤ ከዙሁር በኋላ ተሰብስበው እስከ መግሪብ ይቆያሉ። አጥኚው ወንድ በመሆኑ ከአባትየው ጋር በሌላኛው ክፍል ጫት ይዞ ተቀምጧል። መረጃው የተሰበሰበው በመጋረጃ በኩል በሚያልፍ ድምፅ፣ በሻይ አመላላሽ ልጆችና ማታ ባለቤቱ በሰጠችው ማብራሪያ ነው። ማብራሪያው ስለ ሕፃኑ ጥቂት፣ ማን ምን ለብሳ እንደመጣች ግን በጣም ብዙ ይዟል።

ከሁሉ አስቀድሞ የብርድ ጉዳይ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የሚካሄደው በእሱ ውስጥ ነው። የደጋው የአራስ ሕክምና የሚያውቀው ጠላት አንድ ነው፤ ብርድ። ብርድ በር ሲከፈት ይገባል፣ በእግር ጣት በኩል ይገባል፣ ራሱን ባልታሰረ ሰው በጆሮ ይገባል። አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ወገብ ላይ ይገኛል። ይህ ንድፈ ሐሳብ የተነደፈው ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃንና በመሰሎቿ ስለሆነ በትውልድ ቦታው እንከን የለውም። ጋቢ፣ ሻሽ፣ ካልሲ፣ የተዘጋ መስኮት፣ ጓዳ የሚነድ እሳት፤ ማንም ሐኪም በዚህ አይከራከርም።

ንድፈ ሐሳቡ አንድም ፊደል ሳይቀነስለት ብሬቃ ደርሷል። እዚህ በሰኔ የቀኑ ሙቀት 37 ዲግሪ ነው። በጥር ሌሊት፣ ማለትም የአገሬው ሰው ክረምት በሚለው ጊዜ፣ 22 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። አራሷ ጋቢዋን ለብሳ፣ ራሷን በሻሽ ጠፍራ፣ ካልሲዋን አጥልቃ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ሁለት ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ብርዱ በዚህ አገር ከየት እንደሚመጣ የተጠየቁ የወሎ እናቶች በአንድ ድምፅ «ከማራገቢያው» ብለዋል። ስለዚህ ማራገቢያው ይጠፋል። የአየር ማቀዝቀዣ ስም በአራስ ፊት አይነሣም። የመናዊቷ አማት በሌላው ሁሉ ባይስማሙም ነፋስ አይወዱምና በዚህ አንቀጽ ላይ ፊርማቸውን አኑረዋል፤ ሁለቱ አያቶች ያለ አስታራቂ የተግባቡበት ብቸኛ ነጥብ ይኸው ነው። አደን በሙቀቱ ወራት መብራት ለብዙ ሰዓት የሚጠፋባት ከተማ ናት፤ ሕዝቡም ደጋግሞ ሰልፍ ወጥቶበታል። በአራስ ቤት ግን መብራት ሲጠፋ የአያቶቹ ፊት ይፈካል። ብርዱ ቆመ ማለት ነው።

በዚህ ሙቀት መካከል ገንፎ ይመጣል። እዚህ ላይ ጥናቱ አስደናቂ ነገር አግኝቷል። በኢትዮጵያ በኩል ያለው ምግብ ከገብስ ዱቄት ተገንፍቶ መሃሉ ይጎደጉድና ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል። በየመን በኩል ያለው አሲዳ ይባላል፤ እሱም ከዱቄት ተገንፍቶ መሃሉ ይጎደጉድና መረቅ፣ ለአራስ ሲሆን ደግሞ ሰምን የሚሉት ቅቤና ማር ይፈስበታል። በኢትዮጵያ በኩል ወተት እንዲወርድ አብሽ ይጠጣል፤ በየመን በኩልም ለዚሁ ጉዳይ ሑልባ ይሰጣል፤ ፍሬው ያው አንድ ፍሬ ነው። አፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ዓመት ጦራቸውን ይዘው ወደ የመን ሲሻገሩ ገንፎን ይዘው ሄዱ ወይስ አሲዳን ቀምሰው ተመለሱ የሚለው ክርክር በአያቶቹ መካከል ዛሬም ክፍት ነው። ወሎየዋ አያት ማርን ከቅንጦት ይቆጥሩታል። የመናዊቷ አያት ደግሞ በርበሬውን አይተው አራሷን በማዘን ተመልክተዋል። ሁለቱም ሳህኖች ቀርበው ሁለቱንም ጠያቂዎች ጨርሰዋቸዋል፤ አራሷ ስትቀምስ የታየችው ከዳር ነው።

አሁን ወደ ሕፃኑ እንቅረብ፤ ጠያቂዎቹ እንደሚቀርቡት፣ በጎን።

ጠያቂዋ «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ ልጄ» ትላለች፤ ክርስቲያን ከሆነች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች፤ የመናዊት ከሆነች «መብሩክ» ብላ ታቅፋለች። ከዚያ ሕፃኑ ፊት ላይ ያለው ሻሽ በሁለት ጣት ለቅጽበት ይነሣል። በዚህች ቅጽበት ጠያቂዋ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ አራት ግዴታዎች አሉባት። ካላየች «ንቃን ሄደች» ትባላለች። ብዙ ካየች ዓይን ናት። ዝም ካለች ቅናት ነው፤ ካደነቀች ግን ከቅናትም የባሰ ነው። መውጫው «ማሻአላህ» ነው፤ ወይም ወደ ጎን «እንትፍ! እንትፍ!» ማለት፤ ወይም ደፈር ያሉ የሰፈር ሴቶች እንደሚያደርጉት «አቤት ሲያስቀይም!» ብሎ መገላገል። ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ የአራሷ ፊት በራ። ሰው ስለ ልጁ «አስቀያሚ» ሲባል ደስ የሚለው በሕይወቱ በእነዚህ አርባ ቀናት ብቻ መሆኑን ጥናቱ ያረጋግጣል።

ለተጨማሪ ጥንቃቄ ግንባሩ ላይ ኩል ይነካል፣ ቡኹር ይጨሳል፣ ከትራሱ ስር ቢላዋ ይገባል። ከቢላዋው አጠገብ የጠያቂዎች ገንዘብ ይቀመጣል፤ የየመን ሪያል ዋጋ በአደን ለዓመታት ሲወርድ የቆየ በመሆኑ አቅም ያላት ጠያቂ በሳውዲ ሪያል ማስቀመጥን ትመርጣለች። ከራስጌው ብረትና የውጭ ምንዛሪ ያለው፣ ስሙ ገና ያልጸደቀ፣ ወሰኑ አከራካሪ የሆነ አካል በሌላ የጥናት ዘርፍ መንግሥት ይባላል።

ወሰኑ አከራካሪ ነው የተባለው በምሳሌ አይደለም። ሻሹ በተነሣባት በዚያች ቅጽበት የሚካሄደው ዋናው ሥራ ማየት ሳይሆን መመደብ ነው። ሕፃኑ የሦስት ቀን ልጅ ነው፤ ፊቱ አብጧል፤ ዓይኑ አልተከፈተም፤ የአፍንጫው ቅርጽ ነገ ይለወጣል። ድልድሉ ግን ዛሬ ይጀመራል። የእናት ወገን በግንባር ይከፍታል። የአባት ወገን አፍንጫውን ይይዛል። የእናት ወገን «ጣቱን እዩት እስቲ» ብሎ ወደ እጅ ይዞራል፤ የአባት ወገን በጸጉሩ ይመልሳል። ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲሆኑ የሞቱ አያት ይጠራሉ፤ «ቁርጥ እሳቸውን!» ይባላል፤ ማስረጃው ተቀብሯልና ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ጆሮን የጠየቀ ወገን የለም። ሕፃኑ ድንገት ተነሥቶ ሲጮህ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች የያዙትን በትሕትና ለሌላው ይለቃሉ፦ «ይሄስ የእናንተ ነው።»

እዚህ ላይ የጥናቱን ሥነ ሥርዓት ጥሰን አንድ ነገር እንናገር። ይህ ልጅ ሲያድግ፣ አደን ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ሰው «ሐበሺ» ይለዋል፤ ትልቅ የሆነ ለታ ደሴ ዘመድ ሊጠይቅ ቢሄድ «አረቡ መጣ» ይሉታል። ከሁለት ወገን የተወለዱት፣ በአገሬው አጠራር ሙወለዶቹ፣ ይህን ያውቁታል። ሰው ወረቀት ሲጠይቀው፣ ሥራ ሲፈልግ፣ ሚስት ሲያጭ፣ አፍንጫህ የእኛ ነው ብሎ የሚሻማበት አይኖርም። ሁለት የባሕር ዳርቻዎች እኔ ልውሰድ እኔ ልውሰድ የሚባባሉበት ጊዜ ይህ የአራስነቱ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ተኝቷል።

ወደ ጥናቱ እንመለስ። የቀን አቆጣጠሩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። የአደን ቤቶች በአብዛኛው በሻፊዒ መዝሃብ ስለሚሄዱ በሰባተኛው ቀን ስም ይወጣል፣ ጸጉሩ ተላጭቶ በክብደቱ ልክ የብር ምጽዋት ይሰጣል፣ ለወንድ ሁለት በግ ለሴት አንድ ይታረዳል። አርባው ለሁለቱም እኩል አርባ ነው። የኦርቶዶክስ ቤት ግን፣ አዳም በአርባ ሔዋን በሰማንያ ቀን ገነት ገቡ የሚለውን ኩፋሌን ይዞ፣ ወንዱን በ40 ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ያነሣል። የእልልታው ቁጥር ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ለወንድ እንደሚበዛ ግን ብዙ ቦታ አይለያይም። ተደምሮ ሲታይ ሴት ልጅ በግ ሲሆን ይጎድልባታል፣ እልልታ ሲሆን ይጎድልባታል፤ የሚጨመርላት መጠበቅ ብቻ ነው። ጥናቱ ሁለቱን ዳርቻዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ስላሳዩት የጠበቀ ትብብር ያመሰግናል።

የማዶ ዘመዶች ድርሻቸውን የሚያገኙት በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ነው። ስልኩ ከሕፃኑ ፊት አንድ ጋት ላይ ይያዛል፤ ኮምቦልቻ ያሉት ቅድመ አያት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «አልታየኝም» ይላሉ፤ ብሬቃ ላሉት ደግሞ የሚታየው የቅድመ አያት ጉትቻ ነው። ጂዳ ያለችው አክስት ትገባለች፣ መስመሩ ይቆረጣል፣ «አሁንስ ይሰማል?» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሠላሳ ጊዜ ይመላለሳል። ፎቶ ይላክ ሲባል የዓይን ሕግ በዘመናዊ መልኩ ይመጣል፤ ፊቱ ላይ ቀይ ልብ ተለጥፎ ይላካል፣ ካልሆነም እግሩ ብቻ። በዚህ መንገድ ሦስት አገር የሚኖር ዘመድ ልጁን በግራ እግሩ ያውቀዋል። ጂዳ ያለችው አክስት በእግሩ ላይም መብት አንሥታለች።

የሚቀረው ጥያቄ ስለ አራሷ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ከተሰማው ሁሉ በቀጥታ ለእሷ የቀረበው ጥያቄ «ወተትሽ ወረደ?» የሚለው ነበር። መልሱን በእሷ ምትክ የሰጡት እናቷ ናቸው። ከዚያ ወሬው ወደ ስጦታ ወርቅ፣ ወደ ጋዝ ዋጋ፣ ሳትጠራ ወደቀረች አንዲት ጎረቤት ሄዷል። አራሷ በጋቢዋ ውስጥ ሆና ዓይኗ እየተከደነ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቀና እያለች፣ እስከ መግሪብ ተቀምጣለች። የጥናታችን ውጤትም ይኸው ነው፤ በአራስ ቤት አራሷንና ሕፃኑን የሚያውቅ ሰው አንድም አልተገኘም፤ ሌሎቹ ግን በደንብ ተዋውቀዋል።

ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ፣ ብሬቃም ሆነ ኮምቦልቻ አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱ ሁሉ፦ ገንፎውን ቅመሱ እንጂ አትጨርሱ። ብሩን ከትራሱ ስር አኑሩ። አፍንጫውን ለማንም አትስጡ። ከሩብ ሰዓት በላይ አትቀመጡ፤ ንግሥቲቱም ብዙ አልቆዩም። ስትወጡ ደግሞ አያቶቹ ሳያዩ ማራገቢያውን ለአራሷ አብሩላት።