የማኪያቶ ዕዳ

የዘንድሮ ወጣት ቤት ያጣው ማኪያቶ ስለሚያበዛ ነው አሉ። «አሉ» የምላቸው ቦታ በምሪት ያገኙ፣ ወይም በቀበሌ ቤት ልጅ አሳድገው የዳሩ ታላላቆቻችን ናቸው።

እሺ፣ እናስላው። በቀን 100 ብር ለማኪያቶ የሚያወጣ ልጅ ዛሬውኑ ቢተው በዓመት 36,500 ብር ይተርፈዋል። 10 ሚሊዮን ብር ለተጠራበት አፓርታማ ገንዘቡ የሚሞላው ከ274 ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ሻጩ ዋጋ ሳይጨምር፣ ብሩም ባለበት ረግቶ ከጠበቀው። ዕቅዱ ለማቱሳላ ያዋጣል። 969 ዓመት ለኖረ ሰው ገና በጎረምሳነቱ ቤት መግዛት ምን ይከብደዋል?

ቆጥብ ሲባል ያልሰማ ትውልድ ደግሞ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 እና ለ40/60 የኮንዶሚኒየም ቤቶች ለመመዝገብ የተሰለፈው ማን ሆነና! ያኔ ጎረምሳ የነበረው ዛሬ ሸብቷል፤ የቁጠባ ደብተሩን ግን እንደ ታቦት ይጠብቃል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶ እልል ከተባለ በኋላ፣ በቂ ቁጠባ የሌላቸው ሰዎች ተካተውበታል ተብሎ ተሰረዘ። ማኪያቶ ጠጪዎቹ እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

መካሪዎቻችን ሆይ፣ ምክሩ በዝቶልናል። ከግቢያችሁ ሰርቪስ ቤት አንዷን ክፍል በድሮው ዋጋ አከራዩን፤ የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ የሚፈቅደውን የሁለት ወር ቅድሚያ ዛሬውኑ እንከፍላለን።