ጫቱ የቀደመን መንገድ

የገለምሶ ሰው ውሃ ዳር መዝናናት ሲያምረው ላንጋኖ ይወርዳል። ጎረቤቴ ሐጂ ግን "ጨው የሌለው ውሃ ባሕር አይባልም" ብለው ድርቅ አሉ። ለሐጅ ሲሄዱ ቀይ ባሕርን በአውሮፕላን መስኮት አይተውታል፤ ጅዳ እንዳረፉ ግን አውቶቡስ እያጣደፈ መካ አስገባቸው። እግራቸውን ሳይነክሩ መቅረታቸው እንዳንገበገባቸው ኖሯል። ስለዚህ ጅቡቲ! እሳቸው፣ እኔና መኪናውን የሚነዳው የእህታቸው ልጅ።

ታኅሣሥ ነበር። ጭሮን (ለሐጂ ዛሬም አሰበ ተፈሪ ናት) በማለዳ አልፈን ሒርናን ስናገኝ ዳገቱ፣ ጭጋጉና በየተረተሩ የተሰደረው ጫት ዓይን ያጠግባል። ጨለንቆ ላይ ሐጂ የ1879 ዓ.ም.ን የምኒልክንና የአሚር አብዱላሂን ጦርነት መተረክ ጀመሩ። ነገሩ ሳይጋጋል ሕዝቡ "አልቃይዳ" የሚለው ጫት የጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን እያንባረቀ አለፈን። "ወሪያ! ይሄ ሰውዬ ነፍስ የለውም?" አሉ። ቁሉቢ ላይ ለገብርኤል በሚጎርፈው ምእመን መሐል በኤሊ እርምጃ ተጓዝን። የደንገጎን ቁልቁለት ስንጨርስ የፍሬን ሸራው ተቃጥሎ ይሸት ነበር፤ ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ መሸብን።

ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያለው የክፍያ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ደረቅ፣ ከግመልና ከአይሻ የንፋስ ማመንጫዎች በቀር ብዙም የሚያነጋግር የለውም። ያነጋገረን ኬላው ነው። ሰዎቹ እለፉ፣ መኪናዋ ግን አንድ ወረቀት ይጎድላታል ተባለ። መኪናዋን አደራ ሰጥተን በጅቡቲ ታርጋ መኪና ተጠጋግተን ገባን። ከአሊ ሳቢዬ ወዲያ ግራንድ ባራ የሚሉት ሜዳ አለ፤ ምጣድ የመሰለ፣ ዛፍ ያልበቀለበት ነጭ ጭቃ። ፈረንጆች በመንኮራኩር ላይ ሸራ ወጥረው በንፋስ ይጋልቡበታል።

አሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በአፍሪካ ከዚያ በታች የሚረገጥ መሬት የለም። ጨዋማነቱ ከውቅያኖስ አሥር እጥፍ ገደማ ስለሆነ ዋና የማያውቁት ሐጂ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ በጀርባቸው ተንሳፈፉ። "እዩኝ!" ሲሉ አንዲት ጠብታ ዓይናቸው ገባች። ያዘጋጀነው የሚጠጣ ውሃ ሁሉ እሳቸውን በማጠብ አለቀ።

አርታ አካባቢ በዚያ ወቅት ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ሰውን የማይነካው ግዙፍ ዓሣ ይታያል፤ ጀልባ ተከራይቶ አብሮት መዋኘት ነው። "ዓሣ ይበላል እንጂ አብሮት ይዋኛል?" ብለው ሐጂ አሻፈረኝ አሉ፤ የጀልባውን ዋጋ ሰምቼ ነበርና አልተከራከርኩም። ኾር አምባዶ ዳርቻ ሄድን። ሐጂ ጫማቸውን አሸዋ ላይ አስቀምጠው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ቢስሚላህ ብለው ገቡ። ስንመለስ ጫማ የለም! ባሕሩ ሞልቶ ወስዶታል። "ውሃ ቦታውን ለቅቆ ይሄዳል እንዴ?" ብለው የባሕር ዳሩን አስተናጋጅ አፋጠጡት።

በባዶ እግራቸው ከተማ ገብተን የየመኖች ምግብ ቤት ተቀመጥን። ዓሣው በጀርባው ተተርትሮ፣ በርበሬ ተለቅልቆ፣ እሳት ከሚተፋው የሸክላ ምድጃ ጥቁርና ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ እንደ ጨርቅ በሰፋ ቂጣ እየጠቀለሉ መብላት ነው። ለዚህች ብቻ እንኳ ደግሜ እሄዳለሁ።

ሰባት ሰዓት ግድም ከተማው በአንዴ ተተራመሰ፤ መኪና ይጮሃል፣ ሰው ይሮጣል። ጫት ገባ። በማለዳ ከኛ ደጋ የተነሳ ጫት! ሐጂ አንዷን ሻጭ ዋጋ ጠየቋት፤ መልሷን በብር መንዝረው እስኪጨርሱ ዝም አሉ።

"እኔ ኬላ ላይ ተፈትሼ፣ መኪና ቀይሬ፣ ጫማ ተሰርቄ የደረስኩበትን ይሄ ቅጠል በግማሽ ቀን?"

"ሐጂ፣ በሚቀጥለው ከሜኢሶ በባቡር እንሄዳለን" አልኳቸው።

"ባቡሩ ጫት ይጭናል?"

"አይ፣ ሰው ነው የሚጭነው።"

"እንግዲያው አይደርስም" አሉና የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሊገዙ ተነሱ።