9ኛ ሲ ራሱን ያረመ ዕለት

(አዲስ አበባ፣ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ባዮሎጂ፣ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ። ለሦስት ሰው የተሠራ ዴስክ ላይ አራት ተማሪ ተጣቧል። ቲቸር ጌታሁን ከሥልጠና ከተመለሰ ገና ሦስተኛ ቀኑ ስለሆነ ፊቱ ላይ ተስፋ ይነበባል።)

ጌታሁን፦ ማክሰኞ የሠራነውን የቅጠል ሙከራ ሪፖርት አውጡ። ዛሬ የማርመው እኔ አይደለሁም።

(ጭብጨባ።)

ጌታሁን፦ እናንተ ናችሁ።

(የበለጠ ጭብጨባ። ናሆም ከወዲሁ ደብተሩን ከመክሊት ጋር ሊቀያየር እጁን ዘርግቷል።)

ጌታሁን፦ መቀያየር የለም። እያንዳንዱ የራሱን ነው የሚያርመው። በሐቀኝነት!

አቤኔዘር፦ ቲቸር፣ በእስክሪብቶ ነው በእርሳስ?

ጌታሁን፦ ምን ልዩነት አለው?

አቤኔዘር፦ በእርሳስ ከሆነ ይግባኝ አለው ማለት ነው።

ጌታሁን፦ በፈለግከው። መመዘኛው ይኸው። (ሰሌዳው ላይ እየጻፈ) ዓላማውን ጽፈሃል? ሁለት። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው? ሁለት። ያየኸውን ውጤት ጽፈሃል? ሁለት። ምክንያቱን...

ናሆም፦ ጨረስኩ ቲቸር።

ጌታሁን፦ እኔ እኮ መመዘኛውን ገና ጽፌ አልጨረስኩም።

ናሆም፦ አስር ነው ያገኘሁት።

ጌታሁን፦ በምን ለካኸው?

ናሆም፦ በልፋቴ። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት።

መክሊት፦ የእኔን ደብተር ይዘህ ነዋ! ዛሬ ጠዋት ነው የመለስክልኝ።

ናሆም፦ ቁጭ ብሎ መገልበጥ ልፋት አይደለም? አንቺ ስንት ሰጠሽ?

መክሊት፦ ዘጠኝ። አስር ብል ጉራ ይመስላል።

ጌታሁን፦ እሷ ዘጠኝ ከሆነች፣ ከእሷ የገለበጥከው አንተ እንዴት አስር ሆንክ?

ናሆም፦ የእጅ ጽሑፌ ከእሷ ያምራላ!

ጌታሁን፦ እስቲ ቅደም ተከተሉን አንብብልኝ።

ናሆም፦ (ያነባል) "ቅጠሉን በውኃ ቀቀልነው። ቀጥሎ አልኮሉን እሳት ላይ ጣድነው።"

ጌታሁን፦ እሳት ላይ?

መክሊት፦ እኔ "አልኮሉን በፈላ ውኃ ውስጥ አስቀመጥነው" ብዬ ነው የጻፍኩት!

ናሆም፦ ላሳጥረው ብዬ ነው።

ጌታሁን፦ አልኮል በቀላሉ ነው የሚቀጣጠለው። አንተ እንዳሳጠርከው ብንሠራው ኖሮ ዛሬ የምንማረው ሜዳ ላይ ነበር። አሁን ስንት ትሰጠዋለህ?

ናሆም፦ ዘጠኝ ተኩል።

ጌታሁን፦ ሥልጠናው ላይ ያሉት ይሄንን ነው። ስለ ራስ ምዘና ብዙ ጥናት ተሠርቷል፤ ደከም ያለው ተማሪ ብዙ ጊዜ ለራሱ ይጨምራል፣ ጎበዙ ደግሞ ይቀንሳል።

ናሆም፦ እንደዚያ ከሆነ ወደ ስድስት ያውርዱልኝ ቲቸር፤ ጎበዝ ልባል።

(ሳቅ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሳምራዊት እጇን አውጥታለች።)

ጌታሁን፦ እሺ ሳምሪ፣ ስንት?

ሳምራዊት፦ አራት።

(ሳቁ ቆመ። ሳምራዊት ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት።)

ጌታሁን፦ ለምን?

ሳምራዊት፦ መጽሐፉ አዮዲን ሲጨመርበት ቅጠሉ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል ይላል። እኔ የጻፍኩት ቡናማ ነው። ውጤቱ ላይ ዜሮ፣ ምክንያቱ ላይ ዜሮ፣ ሥዕሉንም ቡናማ ስለቀባሁት ዜሮ ሰጠሁ።

አቤኔዘር፦ ሥዕሉ ላይ እንኳ ለቀለሙ አንድ አትወስጂም? ጠበቃ ያስፈልግሻል።

ጌታሁን፦ ቆይ እስቲ። ልጆች፣ ማክሰኞ ቅጠሉ ላይ አዮዲን ሳንጠባጥብ ምን ዓይነት መልክ ያዘ?

ክፍሉ፦ (በአንድ ድምፅ) ጥቁር ሰማያዊ!

ጌታሁን፦ ማን አየ?

(ማንም። ኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ መስኮቱን እንዲያጠና ድንገት ግዴታ ወደቀበት።)

ጌታሁን፦ ያ ቅጠል የተቀጠፈው ሁለት ቀን ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ከነበረ ተክል ነው። ብርሃን ካላገኘ ስታርች አይሠራም፤ የነበረውንም ተጠቅሞ ይጨርሰዋል። ስታርች ከሌለ አዮዲኑ የራሱን ቢጫ ቡናማ መልክ እንደያዘ ይቀራል። ዓይናችሁ ፊት ቡናማ ሆኖ ሳለ 61 ደብተር ላይ ጥቁር ሰማያዊ ተጽፏል! አንዷ ያየችውን ጻፈች፤ እሷም ለራሷ አራት ሰጠች።

አቤኔዘር፦ ይቅርታ ቲቸር፣ ይሄ ግን ወጥመድ ነው። መጽሐፍ እያለ ተማሪ ማየት አይጠበቅበትም።

መክሊት፦ እኔም ቡናማ መስሎኝ ነበር። ዓይኔ ነው ብዬ ተውኩት።

ጌታሁን፦ (ሰሌዳውን እየጠረገ) እሺ፣ በሌላ መንገድ እንሞክረው። ራሱን በትክክል ላረመ፣ ማለትም ለራሱ የሰጠው ከምሰጠው ጋር ለገጠመለት ሰው ሁለት ማርክ ቦነስ።

(እዚህ ላይ ሥልጠናው ያላነሳው ነገር ተከሰተ። ላጲስ ከዴስክ ዴስክ መዞር ጀመረ።)

ናሆም፦ ሦስት ነኝ ቲቸር! ብዙ ድክመት አለብኝ።

ሌላ ልጅ፦ እኔ ሁለት! አጥፍቻለሁ!

አቤኔዘር፦ ዝም በሉ፣ አስቡ እንጂ! ዝቅ ማለት አይደለም የሚያዋጣው፣ መግጠም ነው። ቲቸር ቅደም ተከተሉን እንዴት ነው የሚያርሙት? ጠበቅ አድርገው ነው ላላ?

ጌታሁን፦ አንተ አሁን ሥራህን ነው የምትመዝነው ወይስ እኔን?

አቤኔዘር፦ ማርኩ ያለው እርስዎ ጋ ነዋ።

ጌታሁን፦ (ጠመኔውን አስቀምጦ) በቃ፣ ቦነሱ ተሰርዟል። ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ እስራኤል ውስጥ ተማሪዎችን በሦስት ከፈለች። ለአንዱ ቡድን ማርክ ብቻ፣ ለአንዱ አስተያየት ብቻ፣ ለአንዱ ሁለቱንም ሰጠች። የተሻለ የሠራው አስተያየት ብቻ ያገኘው ነው። አስተያየት አጠገብ ማርክ ሲቀመጥ ጥቅሙ ጠፋ።

ናሆም፦ ማርክ ያላገኙት ወላጆቻቸው ምን አሏቸው?

(በሩ ተንኳኳ። ዩኒት ሊደሩ ጋሽ ተሾመ ሮስተር ታቅፈው ገቡ። ተማሪው ተነሥቶ ቆመ።)

ተሾመ፦ ተቀመጡ። ጌታሁን፣ የ9ኛ ሲ ማርክ አልገባም። ሱፐርቫይዘሮቹ ነገ ይመጣሉ። (ደብተር ያነሣሉ) አራት? ለዚች ልጅ ማን ነው አራት የሰጣት?

ጌታሁን፦ ራሷ ናት ጋሽ ተሾመ።

ተሾመ፦ ራሷ? አንቺ ልጅ፣ ከራስሽ በላይ ማን ሊያዝንልሽ ነው? አስተካክይው። በእቅዳችን ከ50 በታች የሚያመጣ ተማሪ የለም።

ጌታሁን፦ ጋሽ ተሾመ፣ የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስዶ ሲሰጥ ግማሹን ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2። እነዚያ ሁሉ ልጆች ካርዳቸው ላይ "አልፏል" ተብሎላቸው ነው እዚያ የደረሱት።

ተሾመ፦ በ2016ስ?

ጌታሁን፦ 5.4።

ተሾመ፦ ከ3.2 ወደ 5.4! (የስልካቸውን ካልኩሌተር እየነካኩ) የ69 በመቶ እድገት! እንደዚህ ነው የሚጻፈው። አንተ ቁጥር ይዘህ ታለቅሳለህ፤ ሪፖርት አጻጻፍ አታውቅም።

አቤኔዘር፦ ቲቸር፣ መጠየቅ ይቻላል? መምህራንም ራሳቸውን ይመዝናሉ?

ተሾመ፦ እንዴታ! በዓመት ሁለቴ ውጤት ተኮር እንሞላለን። ድሮማ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነበር፤ ሰው ፊት ቆመህ ድክመትህን ትዘረዝር ነበር።

አቤኔዘር፦ ዘንድሮ ለራስዎ ስንት ሰጡ?

ተሾመ፦ 97.6። ቀሪዋን ለትሕትና ተውኳት።

ሳምራዊት፦ ነጥብ ስድስቷ ከየት መጣች?

ተሾመ፦ ማለት?

ሳምራዊት፦ በምን ለክተው ነው 97.6 የሆነው?

ተሾመ፦ (ለአፍታ አሰቡ፤ እውነት መናገር ያለ ቦታውም ያመልጣል) ከአምናው ላይ ነው የገለበጥኩት። የአምናው ጸድቆ ነበር።

ናሆም፦ (በደስታ ብድግ ብሎ) የእጅ ጽሑፍዎ ግን ያምራል አይደል?

(ሳቅ። ተሾመ ሮስተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ወደ በሩ ሄዱ።)

ተሾመ፦ እስከ ስምንት ሰዓት ይግባ። "ተማሪዎች ራሳቸውን የመመዘን አቅማቸው መቶ በመቶ ደርሷል" ብዬ እጽፈዋለሁ፤ ሥልጠናውም በከንቱ አይቅር።

(ወጡ።)

ጌታሁን፦ ቁጥሩን እርሱት። ከሥራችሁ ግርጌ አንድ ነገር ብቻ ጻፉ፤ ሙከራው እንደገና ቢሠራ ምን ትቀይራላችሁ? እሱን እኔ አነባለሁ።

ናሆም፦ ስንት ይያዛል?

ጌታሁን፦ ምንም።

(ናሆም እስክሪብቶውን ከደነ። ከፊሉ ክፍል ከደነ። መክሊት "ዓይኔን አምናለሁ" ብላ ጻፈች፤ መልሳ ሰረዘችው፤ "አጠገቤ ያለውን ምን አየህ ብዬ እጠይቃለሁ" አለች። ይኼኛው ይሻላል።)

ሳምራዊት፦ ቲቸር፣ አራቱን ልቀይረው?

ጌታሁን፦ ወደ ስንት?

ሳምራዊት፦ ስምንት። ውጤቱ ትክክል ነበር፤ ሥዕሉም። ግን ምክንያቱ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ቡናማ ሆኖ ሳየው ተሳሳትኩ ብዬ ተውኩት እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ሁለቷ እዚያ ላይ ትቀነስ።

ጌታሁን፦ (የመምህሩን ደብተር ከፍቶ አንድ ነገር ተመለከተ) እኔም ስምንት ነበር የያዝኩልሽ።

አቤኔዘር፦ ገጠመ! ቦነሱ ባይሰረዝ ኖሮ አስር ነበረች!

(ደወል። ተማሪው ወደ በሩ ግር አለ። ናሆም ግን ወደ ሦስተኛው ረድፍ ነው የሄደው።)

ናሆም፦ ሳምሪዬ፣ ደብተርሽን እስከ ነገ አውሺኝ። ሌላውን አልነካም፤ ቡናማው ያለበትን ገጽ ብቻ ነው።