ያንጠባጥባል

ቀጨኔ ውስጥ ያረጀ ላዳ የት እንደሚያድር ለማወቅ ባለቤቱን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ኮብልስቶኑን ማየት ይበቃል። ከአንዱ በር ፊት ለፊት ጥቁር እድፍ ካለ የቤቱ አባወራ ወይ ታክሲ ነጂ ነው፣ ወይ ነበር። እድፉን ማን አመጣው በሚለው ላይ ግን ሰፈሩ ተስማምቶ አያውቅም።

ላዳ ሲያንጠባጥብ የመጀመሪያው እርምጃ ኮፈኖ መክፈት ነው። የሚጠረጠረው ካምቢዮ ያለው ከሥር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ተጋድሞ ከማየት ቆሞ ማየት ይቀላልና፣ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ አንገቱን ያስገባል። «የፍሬን ዘይት ነው» ይላል አንዱ። «የሞተር ነው» ይላል ሌላው። ጣቱን ነክሮ የሚያሸት የለም፤ እጅ ይቆሽሻላ! ቢያሸት ኖሮ የጭቅጭቁ ግማሽ እዚያው ባለቀ ነበር። ያገለገለ የሞተር ዘይት ጥቁርና ቀጭን ነው። የካምቢዮ ዘይት፣ መካኒኮች «90» የሚሉት፣ ወፍራም ነው፤ ድኝ ስላለበት ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ከሽታው ይልቅ የሚያከራክረው የመኪናው ዜግነት ነው። «የራሺያ ብረት ምን ይጠበቃል!» ሲባል፣ አንድ አዋቂ ላዳ የጣሊያኑ የፊያት 124 ልጅ መሆኑን፣ ቶሊያቲ በምትባል የሩሲያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 መመረት እንደጀመረ ይተነትናል። እውነቱን ነው። እሱ ከሮም ሞስኮ ሲመላለስ ዘይቱ መንጠባጠቡን አላቆመም።

በዚህ መሐል በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻ ትራክተር የነዱ ጡረተኛ ይደርሳሉ። እንዲህ ያሉ ጋሼ የሌሉበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። «ማሲ ፈርጉሰን ላይ ካምቢዮውም ማረሻ ማንሻውም የሚጠጣው አንድ ዘይት ነው። ሲያንጠባጥብ ጨምረህ ታርሳለህ፤ ይኼ ምኑ ያስጨንቃል?» ይላሉ። ያሉት በትራክተር አገር ትክክል ነው። የድሮው ማሲ ሆድ 30 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ሁለት ሊትር ቢጎድልበት ቶሎ አያስታውቅበትም። ባለአራት ማርሹ ላዳ ግን የሚይዘው 1.35 ሊትር ብቻ ነው። የጋሼን ሁለት ሊትር ከየት አምጥቶ ያፈሳል?

ምክራቸው ግን ይሠራበታል፤ ይጨመራል። ምን ያህል? እዚህ ላይ ቀጨኔ ራሷ ትገባበታለች። የካምቢዮ ዘይት ልክ የሚታወቀው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ከጎን ያለው ቡሎን ተፈትቶ፣ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ ሲደርስ ነው። ሜዳ ላይ! ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ወደ እንጦጦ ግርጌ ለሚወጣ ሰው ሜዳ የሚባል ነገር ወሬ ነው። ስለዚህ ዘንበል ባለ መኪና ላይ ዘንበል ያለ ልክ ይለካል፤ አንዳንዴ ይጎድላል፣ አንዳንዴ ይተርፋል። የተረፈው መኪናው ሲሞቅ መውጫ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ካምቢዮው እንፋሎቱን የሚያስወጣበት ትንሽ መተንፈሻ በጭቃ ተደፍኖ ከሆነ፣ ዘይቱ ዘንጉን ያቀፈውን ፓራኦሊዮ፣ ማለትም ማገጃ ጎማውን፣ ገፍቶ ይወጣል። ባለቤቱም «አሁንም ያፈሳል» ብሎ ይጨምራል።

ማገጃዎቹ ካረጁ ደግሞ ዳገቱ ሌላ ሥራ አለው። መኪናው ፊቱን ወደ እንጦጦ አድርጎ ሲያድር ዘይቱ ወደ ኋላ ይተኛና በኋላው ይወጣል። ፊቱን ወደ ፒያሳ አዙሮ ካደረ በፊተኛው ወጥቶ ፍሪሲዮኑን ይቀባል። ሰኞ «የኋላው ነው» ያለውና ማክሰኞ «የፊተኛው ነው» ያለው ሁለቱም ልክ ናቸው። የተጣሉት ግን እስከ ፋሲካ አይነጋገሩም።

ሕክምናው ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ዘይት የነካው ብረት ላይ እንደማይይዝ ቱቦው ላይ ተጽፏል፤ ቱቦውን የሚያነብ ማን አለ? ሲብስ ፓራኦሊዮ ይገዛል። ጎማው ርካሽ ነው፤ ውዱ ካምቢዮውን ማውረዱ ነው። በዚያ ሁሉ ወጪ አዲስ ጎማ ሲገባ ግን ኩሽኔታው መላላቱን የሚፈትሽ የለም፤ የሚወዛወዝ ዘንግ አዲሱንም ጎማ በልቶ ይጨርሰዋል። ያኔ ጥፋተኛው «የቻይና ዕቃ» ይሆናል።

ከመንገዱ ማዶ ጀበናዋን የደረደረች ባለሸክላ ይህን ሁሉ ትሰማለች። «እስቲ መጀመሪያ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ የሚያልበውን እዩት» አለች አንድ ቀን። የሚያፈስ እንስራ እንዴት እንደሚፈለግ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ላዳውም ሌላ ብልሃት አይፈልግም። መኪና ሲሄድ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ እየጎተተ ሆዱን ሁሉ ስለሚቀባው፣ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚያፈስበት ቦታ ላይሆን ይችላል። አጥቦ፣ ትንሽ ነድቶ፣ ከሥር ካርቶን አንጥፎ ማየት ነው። «እትዬ፣ ይኼ ጀበና አይደለም» ተብላ ዝም አለች።

ለነገሩ ላዳው ሆዱን የሚታጠብበት ቀን አለው፤ የቦሎ ምርመራ ዋዜማ። ያን ቀን በናፍታና በብሩሽ ይፈተጋል፣ ይደርቃል፣ ሆዱ ሲወለድም እንደዚያ የነበረ አይመስልም። በዓመት አንድ ጊዜ ዘይቱ ከየት እንደሚጀምር በዓይን የሚታይበት ሰዓት ያ ነው። ሆኖም ጎንበስ ብሎ የሚያየው የለም፤ የታጠበው እንዳይታይ ነዋ። ሾፌሩ ጠዋት ሳያንጠባጥብ ለመድረስ ይፈጥናል፣ ያልፋል፣ መስታወቱ ላይ አዲሱን ለጥፎ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ አንድ ሊስትሮ ከኋላ ይጮኽለታል።

«ጋሼ፣ መኪናዎ እያንጠባጠበ ነው!»

«ቦሎ አለው!»