የቦርድ ምርጫ

የእህቴ ልጅ ሳንዲያጎ ከገባ ወዲህ ጭንቀቱ መልኩን ሲቀያይር ኖሯል። መጀመሪያ ወረቀት ነበር፣ ቀጥሎ የቤት ኪራይ። ዘንድሮ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ በቴሌግራም ድምፁን እየቀረጸ የሚልክልኝ ስለ ቦርድ ነው። «ጋሼ፣ አጭርና ወፍራም ቦርድ ልገዛ ነው፤ ምን ይሉኛል?»

ይህን ቡና ላይ ጮክ አድርጌ ማሰማቴ ጥፋቴ ነው። እኛ ጋ፣ ጃማ ደጎሎ ውስጥ ቦርድ ሲባል የምናውቀው አንድ ነው፤ ስብሰባ ጠርቶ፣ አበል ተቀብሎ፣ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ብሎ የሚበተነው። ጎረቤታችን ሲኒ እያቀበሉኝ «ወፍራሙስ ሞልቶናል፤ አጭር ካገኘ ግን ሳያመነታ ይግዛ» አሉ።

ነገሩ የባሕር ሞገድ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ጣውላ መሆኑን እስካስረዳ በረካው ደረሰ። ፎቶውን ሳሳይ አንዷ «የካውያ ጠረጴዛ!» ብላ እግሩን መፈለግ ጀመረች። ሌላዋ ኋላው እንደ ዓሣ ጅራት ለሁለት መከፈሉን አይታ «ተሰንጥቆበታል፤ ዋጋ ያስቀንስ» አለች።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። አገሬም ብትሆን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የምታየው በሰው ደጅ ነው። ግን አጎት ተጠይቆ አላውቅም ካለ አጎትነቱ ምኑ ላይ ነው? ገባሁበት።

ለካ ነገሩ የቆየ ነው። ቦብ ሲመንስ የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው ስለ ፈጣን ጀልባ ሆድ የተጻፈ መጽሐፍ አንብቦ ቦርዱን ሰፊ አድርጎ መሥራት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚያው ሳንዲያጎ ሞገድ ላይ ሞተ። በ1967 ደግሞ ስቲቭ ሊስ የሚባል የዚያው ከተማ ወጣት ተንበርክኮ የሚጋልባት አጭር፣ ሰፊ፣ ጅራቷ የተከፈለ ቦርድ ቀረጸ። ስሟን «ፊሽ» አሏት። በኋላ ዓለም ወደ ቀጭንና ሹሉ ዞረ። አሁን ሰዉ ተመልሶ ሰፊዋን ፍለጋ ላይ ነው። ምክንያቱ አይጠፋኝም፤ ሹሉ ኃይለኛ ሞገድና ቀልጣፋ ልጅ ይፈልጋል። ሰፊዋ ግን ሰነፍ ሞገድም ትይዛለች፣ አርባ ሞልቶት ቦርጭ ያወጣ ሰውም ትችላለች።

«35 ሊትር ናት» አለኝ ልጁ ስለ ቦርዷ። እዚህ ሊትር የሚታሰበው በጄሪካን ነው። ቢጫዋ 20 ትይዛለች፤ ስለዚህ ቦርዱ አንድ ጄሪካን ሙሉ፣ ሁለተኛው ሩብ ሲጎድል መሆኑ ነው። ውስጡ ያለው ግን ውኃ ሳይሆን የፍራሽ ስፖንጅ ደረቅ ዘመድ ነው። ልጁ 90 ኪሎ ነው። 35 ሊትር የምትሸከመው ቢበዛ 35 ኪሎ ያህል ነው፤ ቆሞባት ዝም ቢል ይዛው ትሰጥማለች። የምትሸከመው ስትሮጥ ብቻ ነው። ከኛ ቦርድ የምትለየውም በዚህ ነው፤ የኛው ቆሞም አይሰጥም።

ከሁሉ ከሁሉ የቆጨኝ ግን «ሬትሮ ናት» ማለቱ ነው። የሬት ነገር መስሎኝ ነበር። ለካ አዲስ ተሠርቶ አሮጌ እንዲመስል የተደረገ ማለት ኖሯል። አሮጌ ከሆነማ፣ አልኩት፣ ጣና ላይ ታንኳ አለልህ። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ የሚሠራ። ውኃ እየጠጣች ስለምትከብድ ከሥራ መልስ ዳር አውጥተው አቁመው ያደርቋታል። ቶር ሄየርዳል የሚባለው ኖርዌያዊ «ራ» ያላትን መርከብ እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራት ከጣና በታጨደ ደንገል ነው። ያቺ መንገድ ላይ ብትቀርም በዓመቱ ሁለተኛዋን የደንገል መርከብ ይዞ ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ። ፔሩ ውስጥ፣ ሁዋንቻኮ በሚባል ቦታ ደግሞ ዓሣ አጥማጆች እስከ ዛሬ በሸምበቆ መሰል ሣር ታንኳ ላይ ተፈናጠው ሞገድ እየጋለቡ ወደ ዳር ይመለሳሉ። አሮጌ እንዲህ ነው፣ አልኩት።

መለሰልኝ። «ጋሼ፣ አሪፍ ሐሳብ! የደንገል ቀለም ያላት እፈልጋለሁ።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። እናቱ በእንስራ ውኃ ስታመላልስ አብሬያት ነበርኩ። እንስራ ባዶውን ራሱን የቻለ ሸክም ነው። ላስቲክ ጄሪካን ቤታችን የገባ ዕለት «የጥንቱ ይሻላል» ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም። ዛሬ እንስራ በየሆቴሉ በር አበባ ተተክሎበት ሰው ፎቶ ይነሣበታል። አሮጌ የሚያምረው ከጀርባ ከወረደ በኋላ ነው። ጀርባ ላይ እያለ ሬትሮ አይባልም፤ ችግር ነው የሚባለው። ይህን ሁሉ ሳልተነፍስ በድምፅ ቀርጬ ላክሁበት፤ አራት ደቂቃ ከምናምን።

ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን «የእማዬ እንስራ ግን የት ደረሰ?» የሚል አጭር ጥያቄ መጣ። እህቴን ጠየቅኋት። «የቱ? የተሰነጠቀው? ጓዳ አለ» አለች። ለምን እንዳልጣለችው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ለሱ «አለ፤ አብሽር» ብዬ ጻፍኩለት።

ቦርዱን እስካሁን አልገዛም። ክረምቱ ደግሞ ገባ፤ የጃማ ጥቁር አፈር ጫማ መዋጥ ጀምሯል። ትናንት ቦቲ ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ልጅ ሁለት ዓይነት አውርዶ «አጭሩን ነው ረጅሙን?» አለኝ። አጭሩ ሰፋ ያለ ነው፤ አገላብጬ አየሁት።

«ስንት ሊትር ይይዛል?» አልኩት።

ልጁ ትንሽ አሰበና «ውኃ ነው ጭቃ?» አለኝ።